ትእዛዝና ትርኢት፤ የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ የሥራ ዘመን

የኢትዮጵያን ሥዕል ለመመርመር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው የሥዕሉን መልክ፣ ቀለሙንና ምሳሌውን ነው። ሥዕሉን ያሣለው ማን ነው? ሠዓሊውስ በምን ይተዳደር ነበር? የሚለው ጥያቄ ግን ከዚያ ያላነሰ ቁም ነገር አለው። ሠዓሊ በሥራው የሚያድገው በእጁ ብልሃት ብቻ አይደለምና፤ አሠሪም ተመልካችም ያስፈልገዋል። በዚህ ጽሑፍ የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌን የሥራ ዘመን በዚህ በኩል እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በጥንቱ ሥርዓት የሠዓሊ ዋናው አሠሪ ቤተ ክርስቲያንን የሚያሠራው ወይም የሚያሳድሰው ሰው ነበር፤ ንጉሥ፣ መኰንን፣ ወይዘሮ ወይም የደብር አለቃ ይሆናል። ሥዕሉ በሸማ ላይ ይሣልና ሸማው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከእመቤታችን ወይም ከቅዱሱ ሥዕል ግርጌ ያሣለው ሰው ተደፍቶ ሲለምን ይታያል፤ ስሙም በአጠገቡ ይጻፋል። የሠዓሊው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደ ነበረው እንደ ፍሬ ጽዮን ስማቸው የቆየልን ጥቂቶች ናቸው። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ትእዛዝ ነበረ፤ ትርኢት ግን አልነበረም። ሕዝቡ ሥዕሉን የሚያየው ለጸሎት ሲሄድ እንጂ የሠዓሊውን ችሎታ ሊመዝን አልነበረም።

ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ወጣቶች ወደ አውሮፓ ሄደው ሥዕል ይማሩ ጀመር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ወደ ኢጣልያ፣ ከእርሳቸው በኋላም አገኘሁ እንግዳ ወደ ፓሪስ ሄዱ። እነዚህ ሰዎች አዲስ የአሣሣል ዘዴ ይዘው ቢመለሱም በአገር ቤት የሚጠብቃቸው አሠሪ ያው ቤተ መንግሥትና ቤተ ክህነት ነበር።

አፈወርቅ ተክሌ በ1932 በአንኮበር ተወለዱ። ልጅነታቸው በጠላት ወረራ ዘመን ያለፈ ነበር። በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር ሲላኩ የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ዝንባሌያቸው ወደ ሥዕል ስለ ነበረ በለንደን በሴንትራል የሥነ ጥበብና የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ ሥዕልን፣ ቅርጻ ቅርጽንና የሕንፃን ጥበብ ተማሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1954 በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን የግል ትርኢታቸውን አሳዩ። የነገሩ አዲስነት በዚህ ላይ ነው፤ በጥንቱ ሥርዓት ትእዛዙ ሥዕሉን ይቀድማል፤ በትርኢት ግን ሥዕሉ አሠሪውን ይቀድማል። ሠዓሊው የወደደውን ሣለ፤ ተመልካቹም ሥራውን አይቶ ስሙን ዐወቀ።

ሆኖም ትርኢት ስምን ይሰጣል እንጂ ግድግዳን አይሰጥም። አፈወርቅም ከትርኢቱ በኋላ እንደ ገና ወደ አውሮፓ ተሻግረው በኢጣልያ፣ በፈረንሳይ፣ በስፔን፣ በፖርቱጋልና በግሪክ አገር እየተዘዋወሩ ባለ ቀለም መስተዋት የሚሠራበትን ጥበብ አጠኑ። በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሥዕሎችም መረመሩ። የአገራቸውን ጥንታዊ ሥዕል ተቀምጠው ያጠኑት በባዕድ አገር መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ይህ ጥናት በከንቱ አልቀረም፤ ሲመለሱ በአዲስ አበባ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የግድግዳ ሥዕልና ሞዛይክ እንዲሠሩ ታዘዙ።

ከሁሉ የበለጠው ትእዛዝ የአፍሪካ አዳራሽ ነበር። ይህን በአርቱሮ መዘዲሚ ንድፍ የታነጸ ሕንፃ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን አሠርተው ሰጡ፤ በ1961ም ተመረቀ። አፈወርቅ የነደፏቸው ባለ ቀለም የመስተዋት ሥዕሎች 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አላቸው። በሦስት ክፍል ሆነው የአፍሪካን ሕዝቦች ያለፈ መከራ፣ የነጻነት ተጋድሎና የወደ ፊት ተስፋ ያሳያሉ። ከ2 ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 25 ቀን 1963፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው። በመስተዋት ላይ መሣል የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ጥበብ ነው፤ በዚህ ላይ ግን በቅዱሳን ፈንታ ሕዝብ ቆሞአል። ወጪውን የቻለው ንጉሥ ቢሆንም የሥዕሉ ባለ ጉዳይ አህጉሩ ነው።

ከዚህ በኋላ ትእዛዝና ትርኢት እየተፈራረቁ ሠዓሊውን ከፍ አደረጉ። ሁለተኛው የግል ትርኢት በ1961 በአዲስ አበባ ታየ፤ «እናት ኢትዮጵያ» በ1963 ተሣለ፤ በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሥነ ጥበብ ሽልማት የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆኑ። ሥራዎቻቸውም በሞስኮና በአሜሪካ ታዩ። የሣሉት የራሳቸው መልክ ደግሞ በ1981 በፍሎረንስ ወደ ኡፊዚ ቤተ ሥዕል ገባ።

ነገር ግን ሁለቱም መንገዶች ዋጋ ያስከፍላሉ። ትእዛዝ የሚቀበል ሠዓሊ ሥራው በአደባባይ ይቆምለታል፤ ዳሩ ግን አሠሪው የሚወደውን ጉዳይ ማክበር ይኖርበታል። በትርኢት ብቻ የሚኖር ሠዓሊ እንደ ልቡ ይሣላል፤ ሥዕሉ ግን ትርኢቱ ሲዘጋ ይበተናል። በ1962 ከጀርመን አገር የተመለሱት ገብረ ክርስቶስ ደስታ ረቂቅ ሥዕላቸውን ለሕዝብ ያስተዋወቁት ይበልጡን በትርኢት ነው። ስማቸውን የያዘው የዘመናዊ ሥዕል ቤተ መዘክር በአዲስ አበባ የተከፈተው ግን በ2008፣ እርሳቸው በስደት ካረፉ ከ27 ዓመት በኋላ ነው።

አፈወርቅ ሁለቱን መንገዶች ለማስታረቅ ሦስተኛ መንገድ ፈለጉ። «ቪላ አልፋ» የተባለውን ቤታቸውን ራሳቸው ነድፈው መኖሪያም፣ የሥራ ክፍልም፣ የሥዕል ማሳያም አደረጉት። በዚያ ቤት ራሳቸው አሠሪ፣ ራሳቸው ሠዓሊ፣ ራሳቸው ባለ ትርኢት ነበሩ። ጎብኚዎችም እየሄዱ ያዩት ነበር። በ2012 ሲያርፉ ግን ይህ ሦስተኛው መንገድ ደካማ ጎኑን ገለጠ፤ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ የቆመ ማሳያ ሰውየው ሲያልፍ ጠባቂ ያሻዋልና።

እንግዲህ ከሥራዎቻቸው የትኛው ጸንቶ ቆየ? በ1974 ዙፋኑ ወደቀ፤ የአፍሪካ አዳራሽ መስተዋት ግን አልወደቀም። አዳራሹም ታድሶ በ2024 እንደ ገና ተከፈተ። መስተዋቱ የቆየው የሚጠብቀው ድርጅት ስላለው ነው፤ ደግሞም ጉዳዩ ከአሠሪው ዕድሜ የሚረዝም ስለሆነ ነው። ስለዚህ የዘመናችንን ሠዓሊዎች ታሪክ የሚጽፍ ተማሪ የሥዕሎቹን ዝርዝር መሰብሰብ ብቻ አይበቃውም። እያንዳንዱን ሥራ ማን እንዳዘዘው፣ የት እንደ ታየ፣ ዛሬስ በማን እጅ እንዳለ ይጠይቅ። ጥንት ያሣለው ሰው ስም ተጽፎ የሠዓሊው ጠፋ፤ ዛሬ የሠዓሊው ስም ተጽፎ ሥዕሉ እንዳይጠፋ መጠንቀቅ የኛ ፈንታ ነው።