ኦቾሎኒ በኮካ ኮላ ጠርሙስ

ቡናውን በጨው የሚጠጣ የአገራችን ገጠሬ ስኳር የሚጨምረውን ከተሜ አይቶ ይገረማል፤ ከተሜውም በፊናው በገጠሬው ይስቃል። ስለዚህ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሰዎች ጨው የነካውን የተቆላ ኦቾሎኒ ኮካ ኮላ ጠርሙስ ውስጥ ጨምረው፣ መጠጡንም ፍሬውንም ባንድነት ይጎነጫሉ ቢባል ለመሳቅ አንቸኩል። እኔ የዚህን ልማድ ዱካ ስከተል ያገኘሁት የምላስ ቅብጠትን ሳይሆን የድካምና የግዞት ታሪክን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሠራሩ ቀላል ነው። ጠርሙሱ እንደተከፈተ አንድ ሁለቴ ይጎነጩለታል፤ ለኦቾሎኒው ቦታ እንዲለቅ። ፍሬው ሲገባ አረፋው ሽቅብ ይገነፍላልና አፍን ቶሎ ማስጠጋት ያሻል። ጨው የመጠጡን ጣፋጭነት ያጎላዋል፤ እየጠጡ ያኝካሉ።

ለምን እንዲህ ይደረጋል ቢሉ፣ የደቡብ ሰዎች የሚሰጡት መልስ አጭር ነው፤ እጅ ቆሻሻ ስለሆነ። በእርሻ፣ በጋራዥና በጥጥ ፋብሪካ የሚውል ሠራተኛ እጁ በቅባትና በአቧራ የተለወሰ ነው፤ የምሳ እረፍቱም አጭር ነው። ኦቾሎኒውን ከከረጢቱ በቀጥታ ጠርሙሱ ውስጥ ሲገለብጠው ግን ምግቡን ሳይነካ ይበላል። ኪስም አይጎዳ፤ አንድ ጠርሙስ ኮካ ኮላ እስከ 1940ዎቹ ማብቂያ ድረስ ዋጋው 5 ሳንቲም ነበር። በዚያው አካባቢ አር ሲ ኮላን ሙን ፓይ ከተባለው ብስኩት ጋር ማጣመር የተወደደውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ብስኩቱ ከ1917 ጀምሮ በቻታኑጋ ከተማ የተጋገረ ሲሆን ሆድ ይይዛል፤ አር ሲ ደግሞ በዚያው 5 ሳንቲም የኮካን እጥፍ ያህል ያስጠጣ ነበር።

የኦቾሎኒው ጉዞ ግን ከዚህ ሁሉ ይረዝማል። ተክሉ የበቀለው በደቡብ አሜሪካ ነው። ፖርቱጋሎች ወደ አፍሪካ አሻገሩት፤ ከዚያም በባሪያ መርከቦች ወደ ሰሜን አሜሪካ ገባ። ደቡቦች ኦቾሎኒን "ጉበር" ሲሉት የኮንጎ ሕዝብ "ንጉባ" የሚለውን ቃል መጥራታቸው ነው። ለረጅም ጊዜ የባሮች፣ የድሆችና የአሳማ ቀለብ ተብሎ ተንቆ ኖረ። በ1892 ገደማ ከሜክሲኮ ወደ ቴክሳስ የተሻገረ ነቀዝ የጥጡን እርሻ ሲያወድም ገበሬው ፊቱን ወደ ኦቾሎኒ አዞረ። የአላባማዋ የኢንተርፕራይዝ ከተማ በዚህ ስለበለጸገች በ1919 ለነቀዙ ሐውልት አቆመችለት! በባርነት የተወለደው ሳይንቲስት ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨርም በ1921 አሜሪካ ምክር ቤት ቀርቦ ስለ ኦቾሎኒ ጥቅም አስረዳ።

ኮካ ኮላስ? በ1886 አትላንታ ላይ ሲፈጠር የስሙን እኩሌታ ያገኘው ከምዕራብ አፍሪካው የኮላ ፍሬ ነው። መጀመሪያ በየመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ በብርጭቆ ይሸጥ ነበር። በዘር መድልዎው ዘመን ጥቁር ሰው እንዲህ ካለው ባንኮኒ ተቀምጦ እንዲጠጣ አይፈቀድለትም ነበር፤ ተማሪዎች በ1960 ግሪንስቦሮ ውስጥ ምግብ ቤት ባንኮኒ ላይ ተቀምጠው አንነሳም ያሉት ለዚሁ ነው። ጠርሙሱ ግን ወንበር አይጠይቅም፤ በ5 ሳንቲም ገዝቶ መንገድ ዳር ቆሞ መጠጣት ይቻላል።

እንግዲህ በዚያ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ በመርከብ የመጣው ፍሬና ስሙን ከአፍሪካ የወሰደው መጠጥ ተገናኙ ማለት ነው፤ ያገናኛቸውም ማዕድ ያልተዘረጋለት ሠራተኛ ነው።

በ1981 ባርባራ ማንድሬል ባወጣችው ዘፈን ኦቾሎኒ በኮካ መጨመር የገጠር ልጅነት መኩሪያ ሆኖ ተነሣ። የድሃ ምሳ የማንነት ምልክት ሆነ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። "የቆሎ ተማሪ" የሚለው ስማችን ረሃብን፣ መንገድንና የትምህርት ጽናትን በአንድ እፍኝ ቆሎ አስሮ አቆይቶልን የለም?