የዩብዶ ፕላቲንና የእንጨት ጪስ



የወለጋ ስም በተነሣ ቍጥር አስቀድሞ ትዝ የሚለን ወርቁ ነው። የነቀምት ገዥዎች ሞሮዳ በከሬና ልጃቸው ኩምሳ ሞሮዳ ለዐፄ ምኒልክ መንግሥት ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይገብሩ እንደ ነበር በታሪክ የታወቀ ነውና። ዛሬ የምንነጋገረው ግን በዚያው በወለጋ ምድር ስለ ተገኘው፥ ብዙዎቻችን ስሙን እንጂ ሥራውን ስለማናውቀው ስለ ፕላቲን ነው።

ከነቀምት ወደ ምዕራብ ተጕዞ ጊምቢን ላለፈ ሰው፥ በብርብር ወንዝ አካባቢ ዩብዶ የምትባል ስፍራ ትገኛለች። በ1920ዎቹ ዓመታት (በዚህ ንግግር ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) አልቤርቶ ፕራሶ የተባለ ኢጣልያዊ በዚያ የፕላቲን ሥራ ጀመረ። ፕላቲን ከባድ ስለ ሆነ፥ አፈሩ በውሃ ሲታጠብ እንደ ወርቅ ከታች ይቀራል። መልኩ ግን ግራጫ ነውና ላላወቀው ሰው ዐይን አይስብም፤ እስፓኞች በደቡብ አሜሪካ ባገኙት ጊዜ «ትንሽ ብር» ብለው በንቀት ሰይመውታል። የዩብዶው ፕላቲን ግን እየታጠበ ወደ ውጭ አገር ተላከ። ጠላት አገራችንን በያዘበት ዘመንም ኢጣልያኖች ሠሩበት።

ባሕር ማዶ ለምን ይፈልጉት ነበር? ለጌጥ ብቻ አልነበረም። በ1823 ጀርመናዊው ዶበራይነር ሃይድሮጂን በደቀቀ ፕላቲን ላይ ሲነፋ ያለ ክብሪት እንደሚነድ አሳየ። ፕላቲኑ ግን አልጐደለም። ይህን ዓይነቱን ነገር ስዊድናዊው ቤርሴልዩስ በ1835 ካታሊሲስ አለው፤ ይህን ሥራ የሚሠራውም ነገር ካታሊስት ይባላል። ሁለት ቤተ ሰብ አጋብቶ፥ ራሱ ግን ወደ ቤቱ የሚመለስ ሽማግሌ ማለት ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ እንምጣ። የእንጨትን ጭረት እንደ ሙጫ አጣብቆ የሚይዘው ሊግኒን ይባላል። እሳት ሲያገኘው ተሰባብሮ እንደ ጓያኮል ያሉ ሽታቸው ጠንካራ የሆኑ ነገሮች ይወጡታል። እናቶቻችን የወተት ዕቃ በወይራ ሲያጥኑ የሚሸተን፥ ከተቈላ ቡናም ሽታ ከፊሉ የዚህ ወገን ነው። ጓያኮል ስድስት ካርቦኖች እንደ ቀለበት የተያያዙበት ሲሆን፥ በቀለበቱ ላይ ኦክሲጂን ያለባቸው ሁለት ቅጥያዎች ተንጠልጥለዋል።

ችግሩ ያለው ከዚህ ኦክሲጂን ላይ ነው። እንጨት አየር በሌለበት ፈጥኖ ቢጋልና ተኑ ቢቀዘቅዝ ጥቍር ዘይት ይገኛል። ነገር ግን ከክብደቱ ሲሦ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ኦክሲጂን ስለ ሆነ ዘይቱ ይኮመጥጣል፤ ሲቀመጥ ይወፍራል፤ ሙቀቱም ከድንጋይ ዘይት በግማሽ ያህል ያንሳል።

ኦክሲጂኑን ለማውጣት ዘይቱ ከሃይድሮጂን ጋር በትልቅ ግፊትና በሙቀት በብረት ካታሊስት ላይ እንዲያልፍ ይደረጋል። ብረቱ ሃይድሮጂኑን ለሁለት ይከፍለዋል፤ የተከፈለውም ኦክሲጂኑን ከቀለበቱ ነጥቆ ውሃ ሆኖ ይወጣል። ሲነገር ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ኦክሲጂን ከቀለበቱ ጋር ያለው ማሰሪያ ብርቱ ነው፤ ፕላቲንና ኒኬልም ችኵሎች ስለ ሆኑ ብዙ ጊዜ ቀለበቱን ራሱን በሃይድሮጂን ይሞሉታል፤ ውዱ ሃይድሮጂንም በከንቱ ያልቃል። ከዚህም በላይ ከዘይቱ የሚወጣ ከሰል ብረቱን እየሸፈነ ሥራ ያስፈታዋል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ብረቱን በልዩ ልዩ ማዕድን ላይ በትነው ጠባዩን ለመግራት ይደክማሉ።

ኒኬል ሃይድሮጂንን ከሌላ ነገር ጋር እንደሚያዋሕድ ፈረንሳዊው ሳባትዬ ከ1897 ጀምሮ አሳይቶ በ1912 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ሊግኒንን ራሱን ደግሞ በ1938 በአሜሪካ አድኪንስና ባልደረቦቹ ከመዳብና ከክሮም በተሠራ ካታሊስት ፈትተውታል።

በእኔ አስተያየት ፕላቲን ለነዳጅ ማጣሪያ እጅግ ውድ ነው፤ ተስፋው በኒኬልና በመሰሎቹ ላይ ይመስለኛል። የሚቈጨኝ ግን የዩብዶ ፕላቲን ጥሬውን ሄዶ፥ ሥራውን እኛ ከውጭ አገር መጽሐፍ መማራችን ነው። ሊግኒኑም ቢሆን ከወለጋ አልራቀም። በጊምቢና በነቀምት ዙሪያ ደረቅ ቡና ሲፈለፈል ገለባው ይከመራል፤ በፊንጫአ ስኳር ፋብሪካም ተጨምቆ የቀረው አገዳ በምድጃ እየነደደ እንፋሎት ያፈላል።