ኔቡላ

በጥር ምሽት፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ጎርጎራ ላይ ፊታችሁን ወደ ጣና ብታዞሩ፣ ከሐይቁ በላይ ከፍ ብሎ ሦስት ኮከቦች ተሰልፈው ታያላችሁ። በመጽሐፈ ኢዮብ የተጠቀሰው የኦሪዮን ቀበቶ ነው። ከቀበቶው ሥር የምትታየው ደብዛዛ ነጥብ ደግሞ ኔቡላ ናት።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ጭጋግ ማለት ነው። ይህ ጭጋግ ግን እንደ ምድር ጭጋግ ከውሃ ጠብታ የተሠራ አይደለም፤ በአብዛኛው ሃይድሮጅን ነው፤ ከእኛም ከ1,300 የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል። መሐሉ ላይ ከፀሐይ 30 እጥፍ ያህል የሚከብድ ኮከብ አለ። የዚህ ኮከብ አልትራቫዮሌት ጨረር በዙሪያው ያለውን ጋዝ እስከ 10,000 ዲግሪ ያግለዋል። የጋለው ጋዝ ይለጠጥና ከዳር ያለውን ቀዝቃዛ ጋዝ እየገፋ ያምቀዋል። የታመቀው በራሱ ስበት ወደ ውስጥ ሲወድቅ አዲስ ኮከብ ይወለዳል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ብሩስ ኤልመግሪንና ቻርልስ ላዳ እ.ኤ.አ. በ1977 ይህ ሂደት እንደ ሰንሰለት ሊቀጥል እንደሚችል አስረዱ። በኦሪዮን አካባቢ 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው ኮከቦች ከጨቅላዎቹ ጋር ተጎራብተው መገኘታቸው ሐሳቡን ይደግፋል።

ያው ጨረር ግን ጋዙን በትኖ ልደትን ሊያስቀርም ይችላል። ስለዚህ «ግዙፍ ኮከብ ኮከብ ይወልዳል» ማለት ያሳስታል፤ «ልደቱን ሊያፋጥን ይችላል» ማለት ይሻላል።

ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ይዛችሁ ውጡ፤ ጭጋጉ በደንብ ይታያችኋል።