ሥራው ከአንዱ፣ ደመወዙ ከሌላው

በወሎ ሰፈር፣ የቦሌ መንገድና ወደ ጎተራ የሚወስደው የኢትዮ-ቻይና መንገድ በሚገናኙበት አካባቢ፣ በየፎቁ ልዩ ልዩ ድርጅቶች ቢሮ ከፍተዋል። ከእነዚህም መካከል ከውጭና ከአገር ውስጥ ደንበኞች የሶፍትዌር ሥራ ተቀብለው የሚያሠሩ ይገኙባቸዋል። በእንዲህ ያለ ድርጅት የሚቀጠር ጀማሪ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ሁለት አለቃ አለው፤ ሥራውን የሚያዘው ደንበኛው ሲሆን፣ ደመወዙን የሚቆርጥለት ግን ኤጀንሲው ነው። የደመወዙን ነገር ለመረዳት ይህ አሠራር ከየት እንደ መጣ መመርመር ያስፈልጋል።

አሠራሩ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ የተቋቋመው ኮምፒዩተር ዩሴጅ ካምፓኒ የፕሮግራም ጽሕፈትን ለሌሎች ድርጅቶች በክፍያ መሥራት ጀመረ። በሕንድም ታታ ኮንሰልታንሲ ሰርቪስስ እ.ኤ.አ. በ1968 ተመሠረተ፤ ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ለአሜሪካ ደንበኞች መሥራት ያዘ። የሕንዶቹ ኩባንያዎች ትርፍ በአመዛኙ የተገኘው ደንበኛው በዶላር በሚከፍለውና ባለሙያው በሩፒ በሚቀበለው መካከል ካለው ልዩነት ነበር።

በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከአዲስ አበባ ሳይነሡ ለሩቅ ደንበኛ መሥራት እየተቻለ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 የተመሠረተው አይኮግ ላብስ ሶፊያ በተባለችው ሮቦት የሶፍትዌር ሥራ ተካፈለ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተቋቋመው ገበያ ደግሞ ወጣቶችን ማሠልጠንና ከአሠሪዎች ጋር ማገናኘትን ሥራው አደረገ።

ሕጉ ግን ሙያው ከመስፋፋቱ በፊት የተጻፈ ነው። የግል አገናኝ ኤጀንሲዎችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 104 በ1990 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 632 ተተካ። ይኸው አዋጅ ሠራተኛውን ሳያስከፍል የሚያገናኘውን ኤጀንሲ፣ ራሱ ቀጥሮ ለሌላ ተጠቃሚ ከሚያሰማራው ለየ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ም የደመወዝን ወለል በቁጥር አልወሰነም፤ ጉዳዩን ለደመወዝ ቦርድ ተወው። ስለዚህ የጀማሪው ደመወዝ በድርድር ብቻ የሚወሰን ሆኖ ቀረ።

የድርድሩ ሚዛን ወዴት እንደሚያደላ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። በወሩ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለምሳሌ ደንበኛው ለአንድ ጀማሪ በወር 1,000 ዶላር ቢከፍልና ጀማሪው 20,000 ብር ቢቀበል፣ ቀድሞ ድርሻው ከመቶ 35 ያህል ነበር፤ ዶላሩ 100 ብር ሲገባ ወደ 20 ይወርዳል። ሥራው ያው ነው፤ ውሉም አልተለወጠም። በዚያው ወር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና መጀመሩ መልካም ቢሆንም፣ ጀማሪዎች በበዙ ቁጥር የእያንዳንዱ የመደራደር ኃይል መቀነሱ አይቀርም።

በሌላ በኩል ኤጀንሲው ወጪ የለበትም ማለት አይደለም። ደንበኛ ይፈልጋል፤ ጀማሪውን ያሠለጥናል፤ ሥራ በጠፋበት ወርም ደመወዝ መክፈል ይኖርበታል። ስለዚህ ድርሻ መውሰዱ ብቻውን በደል አይሆንም። በደል የሚሆነው ድርሻው ሲደበቅና ጀማሪው የድካሙን ዋጋ ሳያውቅ ሲፈርም ነው። ደንበኛው የሚከፍለው ሒሳብ በውሉ እንዲገለጽ፣ ደመወዝም ከምንዛሪው ጋር በየጊዜው እንዲታይ መጠየቅ የሙያ ማኅበራት ተግባር ነው። ይህ ካልሆነ ጀማሪው ልምድ ባካበተ ማግሥት ሙያውን ይዞ ወደ ውጭ ማማተሩ አይቀርም፤ ጉዳቱም ከእርሱ አልፎ ለኤጀንሲውና ለአገር ይተርፋል።