ሳንባ፣ ሽፋኑና «ለቀቀኝ» የምንለው ውጋት

የሕግ ሰው ስለ ሳንባ ለመጻፍ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም፡፡ ያነሳሳኝ አንድ ቃል ነው፤ ውጋት፡፡ እዚህ ባሕር ዳርም ሆነ በጣና ዙሪያ ባሉ ከተሞች ጎኑን የወጋው ሰው «የሐይቁ ብርድ መታኝ» ይልና ጋቢውን ደርቦ፣ ዝንጅብል ጠጥቶ ይተኛል፡፡ ከቀናት በኋላ ውጋቱ ሲተወው «ለቀቀኝ» ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል፡፡ ይህች «ለቀቀኝ» አንዳንዴ ምን ያህል አሳሳች እንደሆነች ለመረዳት የሳንባንና የሽፋኑን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል፡፡

ሳንባ

ሳንባዎች በጎድን አጥንቶች አጥር ውስጥ ልብን ከግራና ከቀኝ አቅፈው ይገኛሉ፡፡ የቀኙ ሦስት ክፍሎች አሉት፡፡ የግራው ልብ ስለሚጋፋው አነስ ያለ ሲሆን በሁለት ይከፈላል፡፡ ከጉሮሮ የሚወርደው የአየር ቧንቧ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ከ20 ጊዜ በላይ እየተከፋፈለ ሄዶ መጨረሻው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ይሆናል፡፡ ከረጢቶቹ ቢዘረጉ ወደ 70 ካሬ ሜትር ይሸፍናሉ ተብሎ ይገመታል፡፡ ኦክስጅን ወደ ደም የሚገባው፣ የተቃጠለው አየርም የሚወጣው በዚህ ስስ ገጽ በኩል ነው፡፡

ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛው ያህል ነው፡፡ ጤነኛ ሳንባ ይህን ሳይቸገር ይወጣዋል፤ ሰፊ መጠባበቂያ አቅም አለውና፡፡ በዚያው ልክ ግን ከፊሉ ቢጎዳ እንኳ ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ሰው ጉዳቱን ቶሎ ላያውቀው ይችላል፡፡

ሽፋኑ

ሐኪሞች ፕሉራ የሚሉት የሳንባ ሽፋን ድርብ ነው፡፡ ለበዓል በግ ያረደ ሰው ሁለቱንም አይቷቸዋል፡፡ ሳንባው ላይ ተለጥፎ የሚያብለጨልጨው የውስጠኛው ሲሆን፣ ጎድኑን በውስጥ በኩል የለበሰው ስስ ነገር ደግሞ የውጨኛው ነው፡፡ በመካከላቸው በእያንዳንዱ ጎን ከአንድ የሾርባ ማንኪያ የማይበልጥ ፈሳሽ አለ፡፡ የረጠቡ ሁለት መስተዋቶች አንዱ በሌላው ላይ እንደሚንሸራተቱ፣ ለማላቀቅ ግን እንደሚያስቸግሩ ሁሉ፣ ይህ ፈሳሽም ሳንባውን ከደረት ጋር ያቆራኘዋል፡፡ ደረት ሲሰፋ ሳንባም አብሮ ይሰፋል፡፡ ስለት ወይም የተሰበረ አጥንት ሽፋኑን ቀድዶ አየር ካስገባ ቁርኝቱ ይፈታና ሳንባው ይኮማተራል፡፡

ዋናው ቁም ነገር ይኸውና፡- ሳንባውም ሆነ የውስጠኛው ሽፋን ውጋት አይሰማቸውም፡፡ የሚሰማው የውጨኛው ሽፋን ነው፡፡ ስለዚህ በሽታ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጎኑ እስኪደርስ ድረስ ያለ ሕመም ሊቆይ ይችላል፡፡

ውጋቱ ሲተው

ሽፋኑ ሲቆጣ ሁለቱ ገጾች ይሻከራሉ፡፡ በረጅሙ ስንተነፍስ ወይም ስናስል እንደ ጩቤ የሚወጋን ለዚህ ነው፡፡ ለዚህ ሁሉ ብርድ ያለ ማስረጃ ሲፈረድበት ኖሯል፡፡ አድራጊዎቹ ግን የሳንባ ምች፣ ቲቢ፣ ቫይረሶች፣ ወደ ሳንባ የሄደ የረጋ ደም፣ ካንሰርና የመሳሰሉት ናቸው፡፡

ቁጣው ሲቀጥል በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ፈሳሽ ይጠራቀማል፡፡ «ሳንባው ውኃ ቋጠረ» የሚባለው ይኸው ነው፤ ውኃው ያለው ግን ከሳንባው ውጭ ነው፡፡ ፈሳሹ ሽፋኖቹን ሲያራርቃቸው መፋተጋቸው ይቀራል፤ ውጋቱም ይተዋል፡፡ በምትኩ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር ይመጣል፡፡ ከሳሽ ዝም ስላለ ተከሳሹ ንጹሕ ነው እንደማይባል ሁሉ፣ ውጋት ስለተወ ድኛለሁ ማለትም አይቻልም፡፡

የቲቢው ደግሞ ይብሳል፡፡ ያለ መድኃኒት ፈሳሹ ራሱ ሊደርቅና ሕመምተኛው የዳነ ሊመስል ይችላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በዚህ መልክ ታመው የቲቢ ሕክምና ያላገኙ ወታደሮችን ተከታትሎ ነበር፡፡ 65 በመቶ የሚሆኑት በአምስት ዓመት ውስጥ ቲቢ ዳግም ተነሥቶባቸዋል፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2021 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ስለሆነች፣ ጉዳዩ የእኛው ነው፡፡

የሽፋን ቲቢ በአክታ ምርመራ ላይገኝ ይችላል፡፡ ራጅ፣ አልትራሳውንድና በመርፌ የሚቀዳው ፈሳሽ ምርመራ ያስፈልጋሉ፡፡ ብዙዎች የሚሸሹት መርፌውን ነው፤ ነገር ግን የፈሳሹን ምንጭ ለማወቅ ዋናው መንገድ እሱ ነው፡፡ የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ የተለመደው ሕክምናም ስድስት ወር ነው፡፡ ባሕር ዳር ደግሞ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሏት፡፡

ሁለት ሳምንት የዘለቀ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሰው ውጋቱ ቢተወውም ይመርመር፡፡ በድንገት ወግቶት ትንፋሽ ያጠረው ወይም ደም ያሳለው ግን በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ፡፡ ታንኳ ቀዛፊውም ሆነ ቢሮ ውስጥ የሚውለው ሰው፣ ውጋቱ በተወው ማግስት ሐኪሙን ሊጠይቀው የሚገባው «ምን ነበር የወጋኝ?» ብሎ ነው፡፡