ኮይሎቨር፦ መንገድ ላይ ለሚነዳ የድራግ መኪና ሞላና አሞርዛተር አመራረጥና አገጣጠም

በከተማችን በኤም ሃሞሻቮት ከልጆቻችን መካከል መኪና የሚወዱ ብዙ ናቸው። ከሠራዊት የተመለሰ ወጣት አሮጌ ሆንዳ ሲቪክ ወይም ማዝዳ ይገዛና ቀን ሥራ ውሎ ማታ ከመኪናው ሥር አይወጣም። «ኮይሎቨር ልገጥም ነው፣ ጥቂት ሺህ ሸቀል ጨምሩልኝ» ሲል ወላጅ ነገሩን ስለማያውቀው ወይ ዝም ብሎ ይሰጣል፣ ወይ ዝም ብሎ ይከለክላል።

በማኅበራዊ ሥራችን ካነጋገርናቸው እናቶች አንዷ፣ ልጃቸው ገንዘብ ሲያጣ የመኪናውን ሞላ በመቁረጫ ቆርጦ መኪናውን ዝቅ እንዳደረገው አጫወቱን። አንድ ቀን ጎማው ጉድጓድ ሲገባ የተቆረጠው ሞላ ከመቀመጫው ወጣና መኪናው ከአጥር ጋር ተጋጨ። ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ወጣቱ ሥራውን በትክክል እንዲሠራ፣ ወላጁም ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

ኮይሎቨር ምንድን ነው?

በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ሞላና አሞርዛተር አሉ። ሞላ የመኪናውን ክብደት ይሸከማል፤ አሞርዛተር ደግሞ የሞላውን መወዛወዝ ያበርዳል። አሞርዛተሩ ያለቀበት መኪና ጉብታ ባለፈ ቁጥር እንደ ኳስ ይነጥራል። ኮይሎቨር የሚባለው ሞላው በአሞርዛተሩ ዙሪያ የሚቀመጥበት ዕቃ ሲሆን፣ የአሞርዛተሩ አካል እንደ ቡሎን ጥርስ አለው። ሞላው የሚያርፍበት ቀለበት በመፍቻ ስለሚዞር የመኪናው ከፍታ ይስተካከላል። የተሻለው ዓይነት የአሞርዛተሩን ጥንካሬም ለማጥበቅና ለማላላት የሚያስችል ማስተካከያ አለው።

ድራግ ከመኪናው ምን ይፈልጋል?

ድራግ ማለት ሁለት መኪኖች ከቆሙበት ተነሥተው ቀጥ ባለ መስመር 402 ሜትር (ሩብ ማይል) ወይም 201 ሜትር የሚሽቀዳደሙበት ውድድር ነው። መኪና በኃይል ሲነሣ ክብደቱ ከፊት ጎማዎች ወደ ኋላ ጎማዎች ይዛወራል።

በምሳሌ እንየው። መኪናው 1,100 ኪሎ ይመዝናል፤ በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል 2.6 ሜትር አለ፤ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል እንበል። ይህ መኪና የመሬት ስበትን ግማሽ በሚያህል ኃይል ሲፈተለክ 106 ኪሎ ያህል ከፊት ወደ ኋላ ይዛወራል። ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን የሚያዞር ከሆነ ይህ ትርፍ ነው፤ የፊት ጎማዎችን የሚያዞር ከሆነ ግን ኪሳራ ነው። በእስራኤል የምናያቸው አብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች በፊት ጎማ የሚጎተቱ ናቸው።

ብዙ ወጣቶች መኪናውን መሬት እስኪነካ ዝቅ ማድረግ ፍጥነት የሚጨምር ይመስላቸዋል። ያንኑ መኪና 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብናደርገው የሚዛወረው ክብደት ከ106 ወደ 99 ኪሎ ገደማ ይወርዳል። ትርፉ 7 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የኮይሎቨር ዋና ጥቅም ዝቅ ማድረጉ ሳይሆን፣ ክብደቱ የሚዛወርበትን ፍጥነትና መኪናው ሲነሣ የሚይዘውን አቋም መቆጣጠሩ ነው።

እንዴት ይመረጣል?

በመጀመሪያ ጎማ ይቀድማል። ያለቀ ጎማ ላይ ውድ ኮይሎቨር መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ከዚያ በኋላ የሚከተሉት ይታያሉ፦

1. የሚጎትተው ጎማ። በፊት ጎማ ለሚሄድ መኪና የኋላው ሞላ ጠንከር ይላል፤ የፊቱ አሞርዛተርም ሲዘረጋ ቀስ እንዲል ይጠብቃል። እንዲህ ሲሆን አፍንጫው ቶሎ ወደ ላይ አይነሣም። በኋላ ጎማ ለሚሄድ መኪና ግን በተቃራኒው የፊቱ አሞርዛተር ሲዘረጋ ይላላል፤ የኋላው ደግሞ ለስለስ ብሎ ጎማው መሬቱን እንዲይዝ ይደረጋል።

2. የሞላው ጥንካሬ። በኪሎ በሚሊ ሜትር ይለካል። «6» የተባለ ሞላ አንድ ሚሊ ሜትር ለመታመቅ 6 ኪሎ ይፈልጋል። 300 ኪሎ የሚሸከም የፊት ሞላ «6» ከሆነ 5 ሳንቲ ሜትር ይታመቃል፤ «12» ከሆነ 2.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ። ይህም ማለት ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች ተከትሎ የሚወርድበት ቦታ በግማሽ ያንሳል። ሞላው ከጎማው ራቅ ብሎ በተቀመጠበት መኪና ስሌቱ ይለያል። ለውድድር ሜዳ ብቻ የተሠራ ሞላ በየቀኑ ወደ ሥራ ለሚሄድ መኪና አይሆንም። በተለይ ከበጋው በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ (ዮሬ) ሲወርድ አስፋልቱ ስለሚንሸራተት፣ ኋላው ከመጠን በላይ የጠነከረ መኪና በመታጠፊያ ላይ ጅራቱ ይሸሻል።

3. የከፍታ ማስተካከያው። ከታች በኩል ለብቻው የሚዞር እግር ያለውን መምረጥ ይሻላል። እንዲህ ያለው የሞላውን አቀማመጥና የአሞርዛተሩን የመንቀሳቀሻ ርቀት ሳይነካ ከፍታውን ብቻ ይለውጣል።

4. ለመኪናው መስማማቱ። በትክክል ለመኪናው ሞዴልና ለተሠራበት ዓመት የተሠራ መሆን አለበት። መለዋወጫ ማኅተሙና ሞላው ለብቻ የሚገኝለትን ምረጡ። ያገለገለ ዕቃ ሲሆን ዘይት የሚያንጠባጥበውን፣ ጥርሱ የዛገውን ወይም ዘንጉ የተጫረውን አትውሰዱ።

አገጣጠሙ

ሥራው በሰጉላ ወይም በቂርያት መታሎን ካሉት ጋራዦች ፈቃድ ባለው መካኒክ ቢሠራ እንመክራለን። ወጣቱ ራሱ ከባለሙያ ጋር የሚሠራ ከሆነም ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ከመፈታቱ በፊት በአራቱም ጎማዎች ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ርቀት ተለክቶ ይጻፋል።

2. መኪናው በደልዳላ ቦታ ይነሣና በማቆሚያ ብረት ላይ ያርፋል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነው።

3. የፍሬን ቱቦና የኤ.ቢ.ኤስ. ሽቦ ከአሞርዛተሩ ይለያሉ። ቱቦው ተንጠልጥሎ ክብደት መሸከም የለበትም።

4. የድሮው ሞላ ከአሞርዛተሩ ላይ የሚፈታ ከሆነ፣ በሞላ ማመቂያ መሣሪያ ሳይታሰር የላይኛው ዳዶ ፈጽሞ አይነካም። ታምቆ የኖረ ሞላ ሲፈናጠር ሰው ይገድላል።

5. አዲሱ ይገጠማል። የግራውና የቀኙ ቀለበት በእኩል ልክ ይቀመጣል። ለመንገድ መኪና ከፋብሪካው ከፍታ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ይበቃል። ከዚያ በታች ሲሆን አሞርዛተሩ የመጨረሻውን ላስቲክ እየመታ ይሄዳል፤ ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግም ማዕዘኑ ይጣመማል።

6. ጎማ በተሸከመ ላስቲክ ውስጥ የሚያልፉ ቡሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ላይ ከቆመ በኋላ ነው። በአየር ላይ ከጠበቁ ላስቲኩ ተጠማዝዞ ስለሚቀር ቶሎ ይቀደዳል። የማጥበቂያው ልክ ከመኪናው መመሪያ ይወሰዳል።

7. መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተዞሮ ጎማው ወይም ቱቦው የሚነካው ነገር አለመኖሩ ይታያል። ከዚያ የጎማ አቅጣጫ (ኪቩን ፍሮንት) ይሠራል፤ የመብራቱም ከፍታ ይስተካከላል። አለዚያ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ሊወጋ ይችላል።

8. 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ ቡሎኖቹና ቀለበቶቹ እንደገና ይፈተሻሉ፣ ከፍታውም ዳግም ይለካል።

አሞርዛተሩን ሲያስተካክሉ አንድ ነገር ብቻ በትንሹ ለውጦ ውጤቱን መጻፍ ይገባል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ሕጉ፣ ቴስቱና ኢንሹራንሱ

እዚህ ላይ ወላጆች ልብ እንዲሉ እንፈልጋለን። በ1961 በወጣው የትራፊክ ደንብ መሠረት የመኪናን አሠራር መለወጥ (ሺኑይ ሚቭኔ) የትራንስፖርት ሚኒስቴር (ሚስራድ ሃታሕቡራ) ፈቃድ ይጠይቃል። ስለዚህ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ይህ ዕቃ በዚህ መኪና ላይ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። ያልተፈቀደ ለውጥ ያለበት መኪና በቴስት ሊወድቅ ይችላል። ፖሊስም መንገድ ላይ አግኝቶ መኪናው እንዳይነዳ የሚያግድ ማስታወቂያ ሊሰጥ ይችላል።

ኢንሹራንስም እንዲሁ ነው። ለውጡ ለኩባንያው ካልተነገረ አደጋ ሲደርስ የመኪናው ካሳ ሊቀነስ ወይም ሊከለከል ይችላል። ገና ዕዳው ተከፍሎ ያላለቀ መኪና ተሰብሮ ካሳው ሲቀር ወጪው የሚወድቀው በቤተሰቡ ላይ ነው።

ውድድርን በተመለከተ፣ በ2005 የወጣው የስፖርታዊ ነጂነት ሕግ በእስራኤል የመኪና ስፖርት በተፈቀደ ቦታና በፈቃድ እንዲካሄድ መንገድ ከፍቷል። ሌሊት በጋሃ መንገድ ወይም በዣቦቲንስኪ ጎዳና መሽቀዳደም ግን ስፖርት አይደለም፤ ወንጀል ነው። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በዣቦቲንስኪ ላይ የቀላል ባቡር ይመላለሳል፤ በየመሻገሪያውም ሽማግሌና ሕፃን ይቆማል።

የሠራዊቱ ገንዘብ

ብዙ ጊዜ ወጪው የሚሸፈነው ልጁ ከሠራዊት ሲወጣ ከሚያገኘው ገንዘብ ነው። በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ይህ ገንዘብ በሁለት ይከፈላል። ማዓናክ የሚባለው በቀጥታ ባንኩ ውስጥ ስለሚገባ እንደፈለገ ይጠቀምበታል። ፒካዶን የሚባለው ግን ለትምህርት፣ ለሙያ ሥልጠና፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለጋብቻ፣ ለቤት መግዣና ሥራ ለመክፈት ነው፤ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ የተረፈው ለማንኛውም ነገር ይሆናል። ማዓናኩ በሞላና በአሞርዛተር ካለቀ፣ ልጁ ለመኖሪያ የሚጠቀምበት ሌላ ጥሬ ገንዘብ እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁት። መኪና በእውነት የሚወድ ከሆነም ፒካዶኑ የመካኒክነት ሥልጠና ሊከፍልለት እንደሚችል ንገሩት።

በመጨረሻም፣ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ከመቆጣታችሁ በፊት ወደ መኪናው አብራችሁት ውረዱና የሠራውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ቡሎኑን ማን አጠበቀው? ፈቃዱ የት አለ? ኢንሹራንሱ ያውቃል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ያለ ፍርሃት የሚመልስ ልጅ ሥራውን ያውቃል። መልስ ካጣ ግን መልሱ እስኪገኝ ድረስ የመኪናው ቁልፍ በእናንተ ዘንድ ይቆይ።

መልካም ጉዞ ለሁላችሁም።