የተቃጠለ ጎተራ፣ የተበተነ ብራና

የዳግማዊ ቴዎድሮስ ዘመን በተነሣ ቁጥር የሚወሳው የአንድነት ዓላማቸው፣ የሴባስቶፖል መድፍና የመቅደላው ፍጻሜ ነው። ይሁን እንጂ አስቀድሞ በቤጌምድርና በደምቢያ ገበሬ ላይ የወረደው እሳት ለዚያ ፍጻሜ መንገድ እንደ ጠረገ መዘንጋት አይገባም።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ፣ የመሳፍንቱ ወታደር ባለፈበት ሁሉ የገበሬውን እህል እየበላ፣ በሬውን እያረደ የሚኖር ነበር። ቴዎድሮስ ለወታደሩ ደመወዝ ቆርጠው ገበሬውን ከዚህ መዓት ለማሳረፍ መነሣታቸው ከታላላቅ ውጥኖቻቸው አንዱ ነው። ነገር ግን ለደመወዙ የሚበቃ ገቢ አልተገኘም፤ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ለመቀነስ ያደረጉት ሙከራም ካህናቱን አስኮረፈ። ተድላ ጓሉ በጎጃም፣ ዋግሹም ጎበዜ በላስታ ሸፈቱ፤ በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡ።

ግዛቱ ሲጠብ ያ ሁሉ ሠራዊት በቤጌምድር ጫንቃ ላይ ወደቀ። ለሽፍታ ስንቅ አቀበለ የተባለ መንደር ይቃጠል፣ ከብቱም ይነዳ ጀመር። ጎተራ ሲቃጠል የሚጠፋው የዓመቱ ቀለብ ብቻ አይደለም፤ የከርሞው ዘርም አብሮ ይነዳል። ዘርና በሬ ያጣ ገበሬ ወይ ይሰደዳል ወይ ይሸፍታል፤ የሚበላው ያጣ ወታደርም ይከዳል። ሽፍታን ለማስራብ የተለኮሰው እሳት እንዲህ ሽፍታን አበዛ፤ የንጉሡንም ሠራዊት አመነመነ።

በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። በ1860 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ ቴዎድሮስ መናገሻቸውን ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፋቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ አቀኑ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ተነሥቶ ያን ሁሉ ተራራ ሲያቋርጥ እስከ መቅደላ ግርጌ ይህ ነው የሚባል ውጊያ አልገጠመውም፤ እህልና ገለባ በማርያ ቴሬዛ ብር እየገዛ አለፈ። ጎተራው በገዛ ንጉሡ የተቃጠለበት ሕዝብ ለዚያ ንጉሥ ሊዘምት አልወጣም።

ጉዳቱ በእርሻ ላይ ብቻ አልቀረም። ከጎንደር አድባራት የተወሰዱት የብራና መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት መቅደላ ተከማችተው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ አምባው ተዘረፈ፤ ዝርፊያውም በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደና ደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ ቀረበ። ከ300 በላይ የሚሆኑ መጻሕፍት ለንደን ገቡ።

የባዕድ ዘራፊ በደል በምንም አይቃለል። ሆኖም ብራናዎቹ ከየደብራቸው የተነቀሉት በወገን እጅ መሆኑንም ታሪክ ይመሰክራል። ወገን በወገኑ ላይ የሚለኩሰው እሳት ከለኮሰው ሰው ዓላማ ጋር አብሮ አይበርድም፤ ያመድ ወራሹ ሁልጊዜ ተከታዩ ትውልድ ነው።